አራተኛው ገመድ አልባ ማይክ ላይ ብቻ የሚመጣ ፉጨት፦ ወዴት ልቀይረው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት አናሎግ ኤፍኤም ማይኮች 600.0፣ 600.4 እና 601.1 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። አራተኛው 601.5 ላይ ነው። የራሱ ማይክ ጠፍቶ እንኳ ሪሲቨሩ (ተቀባዩ) ሲግናል ያሳያል፤ ማይኩ ሲበራ ደግሞ ያፏጫል። ከሦስቱ የትኛውም ቢጠፋ ፉጨቱ ወዲያው ይቆማል።

የማይኮቹ ሲግናሎች ሲደባለቁ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጥገኛ ሲግናል ይፈጥራሉ። ሁለት ሁለቱን እያጣመርኩ (የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው) ሳሰላ 601.5 ላይ የሚወድቅ የለም። ሦስቱን አንድ ላይ ስወስድ ግን 600.4 + 601.1 − 600.0 = 601.5 ይመጣል። ይህን የሦስቱን ስሌት መዝለል ቀላል ነው።

ሪሲቨሩ አንቴና ላይ 10 ዴሲቤል ማዳከሚያ ሳስገባ ጥገኛው ሲግናል የወረደው በ10 ገደማ ብቻ ነው። ሪሲቨሩ ውስጥ የሚፈጠር ቢሆን በ30 ገደማ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሲግናሎቹ የሚደባለቁት ትራንስሚተሮቹ (የማይኮቹ ማሰራጫዎች) ውስጥ ይመስለኛል፤ ተጠቃሚዎቹ ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ይቆማሉ፣ ኃይሉም 50 ሚሊዋት ነው።

«ቻናል ቀይር» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ የቸገረኝ ወዴት የሚለው ነው። 602.0 በስሌት ነጻ ነው፤ ግን ለእሱ ቅርብ የሆኑት የሁለት ማይኮች ድብልቅ ውጤቶች 601.8 እና 602.2 ናቸው። እነዚህ ውጤቶች የሁለቱንም ማይኮች የድምፅ መወዛወዝ ስለሚሸከሙ ከአንድ ማይክ ሲግናል ይሰፋሉ። 200 ኪሎኸርዝ ክፍተት ይበቃል ወይስ ቢያንስ 300 ልፈልግ? ቻናሉን ሳልነካ ሁሉንም ወደ 10 ሚሊዋት ባወርድስ? ሪሲቨሮቹ ከመድረኩ 15 ሜትር ይርቃሉ፤ ሲግናሉ እንዳይቆራረጥ እሰጋለሁ።