የሥራ ባልደረባዬ የምትዘምርበት የ«መሲሕ» ኮንሰርት ልሄድ ነው፣ ምን ልወቅ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ በሰፈራቸው ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ውስጥ አልቶ ናት፣ ወፍራሙን የሴቶች ድምፅ ማለት ነው። ክፍያ የለውም፣ ከሥራ ወጥተው ማታ ነው የሚለማመዱት። ዲሴምበር ላይ ሄንደል የሚባለው የድሮ የሙዚቃ ደራሲ ስለ ክርስቶስ የደረሰውን «መሲሕ» የተባለ ረጅም የመዝሙር ድርሰት ከሰፈሩ ኦርኬስትራ ጋር ያቀርባሉ፣ እና ለእኔና ለልጄ ቲኬት ሰጠችኝ (8 ዓመቷ ነው፣ ቁጭ በይ ሲሏት የምትቀመጥ ዓይነት አይደለችም)። እንደዚህ ዓይነት ኮንሰርት ሄጄ አላውቅም። ምን ይለበሳል? መቼ ነው የሚጨበጨበው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደግሞ ቦታው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጊዜው ጾመ ነቢያት፣ እናቴ ከሰማች ጉድ ይፈላል።

ቴነሩ፦
እኔም ሜሪላንድ እንደዛ ባለ ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። ለልብሱ አትጨነቂ፣ ለሥራ የምትለብሺው ይበቃል። ጥቁር በጥቁር የምንለብሰው እኛ መድረክ ላይ የምንቆመው ነን። ሙሉው «መሲሕ» ሦስት ክፍል ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ዲሴምበር ላይ ግን እንደኛ ያሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል፣ የልደቱን ማለቴ ነው፣ ይሠሩና ከሁለተኛው ክፍል መጨረሻ «ሃሌሉያ»ን አምጥተው ይጨምሩበታል። እሱ በጣም ያጥራል፣ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ጠይቂያት። «ሃሌሉያ» ሲጀመር ሕዝቡ ብድግ ይላል፣ አትደንግጪ፣ አብረሽ ተነሺ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ሲሰማው ቆሞ ስለነበር ነው ይባላል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ለጭብጨባው መሪው ፊቱን ወደ እናንተ እስኪያዞር ጠብቂ። ደግሞ እንከን የለሽ ነገር አትጠብቂ። «ሕፃን ተወልዶልናል» የሚለው ጋ ኖታው ይሮጣል፣ እኛ አማተሮቹ እዛ ላይ እንንጠባጠባለን።

የሁለት ልጆች እናት፦
ለመውጣት እንዲመችሽ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ኦርኬስትራው በሚታይበት በኩል። ልጅቷን ጥሩምባ ነፊዎቹን ጠብቂ በያት። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ቁጭ ነው የሚሉት፣ ሲገቡ ግን አዳራሹ ይነቃል። ግጥሙ በሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ እንግሊዝኛው ሲዘመር ግን አይያዝም፣ ስለዚህ ቀድመሽ ኢሳይያስ 40ን በአማርኛ አንብቢላት። ኦርኬስትራው መግቢያውን ከተጫወተ በኋላ አንድ ቴነር (ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የሚዘምር) ብቻውን ተነስቶ የሚጀምረው «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ» ብሎ ነው። ምዕራፍ 9 ቁጥር 6ንም አትርሺ።

ዳዊት ደጋሚ፦
ይቅርታ ግን በጾም ኮንሰርት? ለዛውም የሌላ እምነት አዳራሽ? ማኅሌቱ አጠገብሽ እያለ ምን አስኬደሽ?

የደብሊኑ፦
ወንድሜ ቅዳሴያቸውን አስቀድሺ ያላት የለም እኮ። «መሲሕ» ራሱ መጀመሪያ የቀረበው እዚህ ደብሊን፣ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1742። ገቢው በዕዳ ለታሰሩ ሰዎችና ለሕሙማን ነበር። ቦታ እንዳይጠብ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን የሚነፋውን ቀለበት፣ ወንዶቹ ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ቀድመው ተለምነዋል። በዓመቱ ለንደን ላይ ሲቀርብ ደግሞ ቅዱስ ቃል እንዴት በቲያትር ቤት ይዘፈናል ብለው የተቆጡ ነበሩ፣ ያንተም ክርክር አዲስ አይደለም። ጾሙን በተመለከተ ጭንቀቱ ኮንሰርቱ አይመስለኝም፣ ከኮንሰርቱ በኋላ የሚቀርበው ኩኪስ ነው። ቅቤ አለው።

ዳዊት ደጋሚ፦
እሺ ደብሊን፣ አሸነፍከኝ አልልም። የንስሐ አባቷን ትጠይቅ ነው የምለው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እጠይቃለሁ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ጓደኛዬን ጠየቅኳት፣ የመጀመሪያው ክፍልና «ሃሌሉያ» ብቻ ነው አለችኝ፣ እፎይ። ቆይ ግን፣ አበባ ይያዛል?

ቴነሩ፦
ከፈለግሽ ያዢ፣ ደስ ይላታል። ግን አምስትም አሥርም ዶላር መውጫው ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ብትከቺ ይሻላል። እኛ በነፃ ነው የምንዘምረው፣ ሶሎ፣ ብቻቸውን ማለት ነው፣ የሚዘምሩት ግን ብዙ ጊዜ ይከፈላቸዋል፣ አዳራሹም ኖታውም ገንዘብ ነው። አበባውን ከሰጠሻት ደግሞ ሲያልቅ ስጫት፣ በመሃል እጇ ላይ ኖታ አለ።