ነርሷ ለታካሚው ብትጸልይ፦ በሥራ ገበታ ላይ መመስከር ይገባል ወይስ አይገባም?

አወያይ፦ የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የዚህ ሳምንት ክርክር የተነሣው በመካከላችን ያለች አንዲት ነርስ እኅታችን ካካፈለችን ገጠመኝ ነው። በምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ሊገባ የተዘጋጀ ሰው በፍርሃት ሲጨነቅ አይታ «ልጸልይልህ?» ብላ ጠየቀችው፤ እሺ ሲላት ድምፅዋን አውጥታ በኢየሱስ ስም ጸለየች። በማግሥቱ ወንድሙ መጥቶ ታካሚው ሙስሊም መሆኑን በመግለጥ ቅሬታ አቀረበ፤ እርሷም በኃላፊዋ ተገሠጸች። ክርስቲያን በሥራ ገበታው ላይ እምነቱን እስከ ምን ድረስ ይግለጥ?

ነርሷ፦ ስሙ ክርስቲያንም ሙስሊምም የሚጠራበት ስለ ነበር ሃይማኖቱን አላወቅሁም፤ ባውቅም ኖሮ ምናልባት እጠይቀው ነበር ብል እውነቱን መናገሬ ነው። ጌታችን በሰው ፊት ለሚመሰክርለት እርሱም በአባቱ ፊት እንደሚመሰክርለት ተናግሯል (ማቴ. 10፥32)። ሰውዬው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳለ መርፌዬን ወግቼ ዝም ብዬ ማለፍ ክሕደት ሆኖ ተሰማኝ።

የሕግ መምህሩ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በይፋም በግልም መግለጥን መብት ያደርገዋል፤ ይህ ግን የሌሎችን ሰዎች መሠረታዊ መብትና የመንግሥትን ከሃይማኖት ነጻ መሆን ለማስከበር በሕግ ሊገደብ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። እኅታችን በቤቷ፣ በመንገድ፣ በጉባኤ የፈለገችውን ትመስክር፤ የመንግሥትን ጋውን ለብሳ በአልጋው አጠገብ ስትቆም ግን የምትናገረው ለራሷ ብቻ አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ከ43 በላይ ኦርቶዶክስ፣ ወደ 34 የሚጠጋው ሙስሊም፣ ከ18 በላይ ፕሮቴስታንት በሆነበት አገር አንድ የሕሙማን ክፍል ሁሉንም አጠገብ ለአጠገብ እንደሚያስተኛ አንርሳ።

ወንጌላዊው፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሕጉ እስኪፈቅድልን ብንጠብቅ ኖሮ ወንጌል ከኢየሩሳሌም ባልወጣ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲመቻችላቸው እምቢ ብለው ከምእመናኑ ጋር ቀርተው በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ተገድለዋል። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱት ወንድሞቻችን ስለ ክርስቲያንነታቸው ነው ያለቁት። እነዚህ ሁሉ አንገታቸውን ሰጥተው እያለ፣ እኛ የኃላፊ ተግሣጽ ፈርተን አፋችንን እንዝጋ? «ያለ ሰባኪስ እንዴት ይሰማሉ?» (ሮሜ 10፥14)።

ዲያቆኑ፦ ወንድሜ ሆይ፣ የጠራሃቸውን ሰማዕታት ስም እኔም በእንባ የማነሣው ነው፤ ነገር ግን የቆሙበትን ቦታ ልብ እንድትል እለምንሃለሁ። እነርሱ የቆሙት ሊገድላቸው ሥልጣን ባለው ፊት ነው። በእኅታችን ገጠመኝ ግን ሥልጣኑ በእርሷ እጅ ነው፤ ማደንዘዣ ሊወስድ የተኛ ሰው ነርሷ «ልጸልይልህ?» ስትለው «አይሆንም» ቢላት እንክብካቤዋ የሚጎድልበት ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ እሺታውን እንደ ፈቃድ መቁጠር ያስቸግረኛል።

ስለ አገራችን ሰው የተጻፈውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እንመልከት። በሠረገላው ላይ የተቀመጠው፣ በገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ጃንደረባው ነው፤ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ የደረሰ መንገደኛ ነው። የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ጠየቀ፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር ይቀመጥ ዘንድ የለመነው ግን ጃንደረባው ነው። ጃንደረባው ባይፈልግ ኖሮ ሠረገላውን ነድቶ መሄድ ይችል ነበር። የእኅታችን ታካሚ ወዴት ይሄዳል? አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንም ቢሆኑ ጳጳስ ሳይሆኑ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሹመት በነበራቸው ጊዜ ሥልጣናቸውን የተጠቀሙበት ክርስቲያን ነጋዴዎች የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ ለመርዳት እንደ ነበር ይተረካል።

ወንጌላዊው፦ አንተ ማተብህን በአንገትህ አስረህ ቢሮ ትገባለህ፤ ማንም አይገሥጽህም። እኛ የሚታይ ምልክት የለንም፤ ምስክርነታችን አንደበታችን ነው። ዝም በሉ ስትሉን ያላችሁን ይዛችሁ የእኛን ብቻ መውሰዳችሁ አይደለምን?

ዲያቆኑ፦ ይህ ልቤን የነካ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ለዓይናችን የለመድነው ነገር ገለልተኛ ይመስለናል። በአማርኛችን «ባለ ማተብ» ማለት ቃሉን የሚጠብቅ፣ የሚታመን ሰው ማለት ስለሆነ፣ ማተብ የሌለው ባለጉዳይ በእኔ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ያልተነገረ ነገር እንደሚሰማው አምናለሁ። ማተቤን ግን አልበጥስም። የሚገባኝ፣ ያ ባለጉዳይ ፋይሉ ከሌላው እኩል ቀን መፈጸሙን ማረጋገጥ ነው።

ከሪያድ የተመለሰችው እኅት፦ እስካሁን በዝምታ ሳነብብ ነበር። አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በዚያ አገር ለእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ዐቢይ ጾምን ግን ሥጋም ወተትም ሳልቀምስ ስለምጾም እመቤቲቱ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ደግ ሴት ነበረች። ደግ በመሆኗም ነው እንድሰልም ትለምነኝ የነበረው፤ ነፍሴ እንዳትጠፋ አስባልኝ ነው፤ ስታለቅስልኝም አይቻለሁ። ነገር ግን ፓስፖርቴና ደመወዜ በእርሷ እጅ ነበሩ። በጠየቀችኝ ቁጥር «አስብበታለሁ» እላት ነበር፤ ማታ ግን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ ሳልክድ የካድኩ ያህል እየተሰማኝ አለቅስ ነበር። ነርሷ እኅቴ ሆይ፣ ልብሽ ንጹሕ መሆኑን አልጠራጠርም። የእመቤቴም ልብ ንጹሕ ነበር።

ነርሷ፦ ይህን ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ መጻፍ አልቻልሁም። በተግሣጹ ተበድያለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን የሚያሳስበኝ ያ ሰው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገባ በልቡ ምን ተሸክሞ እንደ ገባ ነው። ከእንግዲህ የምጠይቀው «ልጸልይልህ?» ብዬ ሳይሆን «ማንን ልጥራልህ?» ብዬ ይሆናል፤ ቄስ ቢል ቄስ፣ ሼክ ቢል ሼክ፣ ወንድሙንም ቢል ወንድሙን።

ወንጌላዊው፦ ሌሊት ቢሆንና የሚጠራ ሰው ባይገኝስ? ሰውዬው ሊሞት ቢሆንስ? እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ዝም ብዬ አላሳልፈውም።

ነርሷ፦ እጁን እይዘዋለሁ፤ እስኪወስዱትም ከአጠገቡ አልለይም። ጸልዪልኝ ካለኝ እጸልያለሁ፤ ካላለኝም በልቤ እጸልያለሁ።