ከጅማ ዋሽንግተን፦ 4 ሰዓቱ የት ገባ?

ስሌት የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ። ከጅማ በቦሌ በኩል ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው የጉዞ ሰዓት እያሰላሁ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 900 ሲሄድ 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይመጣል።

ትኬቱ ግን መነሻ 22:15 (በእኛ ማታ 4:15፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል)፣ መድረሻ በማግስቱ 08:15 ይላል። የሐምሌን የ7 ሰዓት ልዩነት ስደምርበት 17 ሰዓት ሆነ፤ ከስሌቴ በ4 ሰዓት ያህል ይበልጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩ ስስ ነውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ይህ ገብቶኛል።

ለማረፊያው፣ ለሚረዝመው መንገድና ከምዕራብ ለሚገፋው ነፋስ ለየብቻ ስንት ስንት ልያዝ? የጅማው በረራ ቢዘገይስ፣ ቦሌ ላይ ስንት ሰዓት ክፍተት ይበቃል?