ወለድ ሳልነካ ማቡኪያ ማሽን እንዴት ልግዛ?

ሰላም ቤተሰብ፣ ኮልፌ ትንሽዬ ዳቦ ቤት አለችኝ፣ ሊጥ ማቡኪያው እያስቸገረኝ ነው፣ ብድር ደግሞ ወለድ ስላለበት አልፈልግም። ሙራባሃ የሚሉት ከወለድ በምን ይለያል? ስሙ ብቻ ነው እንዴ የተቀየረው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም፣ ባንኩ ብር አይሰጥህም፣ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሮህ ላንተ በዱቤ ይሸጥልሃል፣ አንዴ ከተፈረመ ዋጋው አይጨምርም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ከ2013 ጀምሮ በዚህ ነው የሚሰሩት፣ ንግድ ባንክም ኑር የሚባል ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለው።

መልስ፦ ወንድሜ ፕሮፎርማ (ሻጩ ዋጋውን የሚጽፍልህ ወረቀት) ብቻ ለባንኩ አምጣ፣ እንዳትገዛ! እኔ ቸኩዬ ፍሪጁን ገዝቼ ሄጄ "የራስህን ንብረት መልሰን አንሸጥልህም" አሉኝ፣ ልክ ናቸው ግን አናደዱኝ።

መልስ፦ ማስያዣም ይጠይቃሉ፣ እኛን ትናንሾቹን የሚያስቀረን እሱ ነው።

ጠያቂው፦ ጀዛኩሙላህ ኸይረን፣ ነገ ለሻጩ ሙሉውን ልከፍል ነበር እኮ 😅