የዓሣ ሴል ላይን ለኩሬ ውሃ ምርመራ ምን ያህል ያስተማምናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በዝዋይ አካባቢ በኩሬ ቆሮሶ የሚያረቡ ገበሬዎችን እናግዛለን። ከአትክልትና ከአበባ እርሻዎች የሚወርደው ፀረ-ተባይ ጫጩቶቹን ይጎዳ እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ እንፈልጋለን። በተለመደው ምርመራ ዓሣዎቹ ለ96 ሰዓት በኬሚካሉ ውስጥ ቆይተው ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ይፈለጋል፤ ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ 7 ዓሣ ስለሚያስፈልግ ብዙ ሕይወት ይጠፋል። በዓሣው ፈንታ ሴል ላይን፣ ማለትም ከዓሣ ተወስዶ በቤተ ሙከራ የሚባዛ የህዋስ ዘር፣ ብንጠቀም ውጤቱን ማመን ይቻላል?

መልስ 1፦
ለብዙ ኬሚካሎች አዎ። በሚገባ የተፈተነው ቀስተ ደመና ትራውት ከተባለው ዓሣ ስንጥብ (መተንፈሻ አካል) የተገኘው አርቲጊል-ደብሊው1 የተባለው ሴል ላይን ሲሆን፣ ምርመራው በ2019 የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) መስፈርት ወጥቶለት በ2021 ደግሞ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የምርመራ መመሪያ 249 ሆኗል። ህዋሶቹ ከኬሚካሉ ጋር 24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በሦስት ማቅለሚያዎች ይመረመራሉ፤ አንዱ ሜታቦሊዝማቸው መቀጠሉን፣ ሌላው የውጭ ሽፋናቸው አለመጎዳቱን፣ ሦስተኛው ላይሶዞማቸው (በህዋስ ውስጥ ቆሻሻን የሚፈጨው ክፍል) መሥራቱን ያሳያል። በ19 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያድጉና ኤል-15 የተባለው መኖሪያ ፈሳሻቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ኢንኩቤተር ስለማይጠይቅ፣ አነስተኛ ቤተ ሙከራም ሊይዛቸው ይችላል።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎ ጭንቀት ፀረ-ተባይ ስለሆነ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ እወዳለሁ። ፓይሬትሮይድ የተባሉት ፀረ-ነፍሳት ዓሣን የሚገድሉት የነርቭ ህዋስ የሶዲየም መተላለፊያዎችን በማወክ ሲሆን፣ የስንጥብ ህዋስ ግን ነርቭ ስላልሆነ ዓሣው በሚሞትበት መጠን ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በዚህ ውጤት ተማምኖ «ውሃው ደኅና ነው» ብሎ ለገበሬ መንገር አደገኛ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የተባለው ሌላ የፀረ-ነፍሳት ዓይነት ከተጠረጠረ በዓሣው አንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የተባለው የነርቭ ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚሠራ መለካት ይሻላል፤ ለፓይሬትሮይድ ደግሞ ውሃውንና ደለሉን በኬሚካል ትንተና ማስመርመር ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ቅባት ወዳድ ኬሚካሎች በፕላስቲኩ ሳህን ላይ ስለሚጣበቁ፣ ስሌቱ መሠራት ያለበት በተጨመረው ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ በተለካው መጠን ነው። ቆሮሶ ሞቃት ውሃ የሚወድ ዓሣ እንደመሆኑም፣ የትራውት ህዋስ ውጤት ኬሚካሎችን በቅድሚያ ለመለየት ያገለግል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይገባውም።

መልስ 3፦
የኩሬውን ውሃ በቀጥታ ለመመርመር ካሰባችሁ፣ ጨው አልባ ውሃ ህዋሶቹን ስለሚያፈነዳቸው የመኖሪያ ፈሳሹን ጨዎች በናሙናው ውስጥ አሟሙታችሁ ጀምሩ፤ ሴረምም (ህዋስ ለማሳደግ የሚጨመረውን የደም ፈሳሽ) አትጨምሩበት፣ ፕሮቲኑ መርዙን ይዞ ያስቀርባችኋልና።