ክርክር፦ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ የታሪክ መሪን ሲያመጣ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?

ተመልካች፦
ጥያቄውን እኔ ላንሳ። ድራማው ስለ ጊዜ ጉዞና ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን ስለሆነ ብቻ በእውን የኖረን መሪ እንዳሻው ቢያሳይ ዝም ይባላል? እኔ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ዶክተር ስለሚባል የጊዜ ተጓዥ የሚተርከው የእንግሊዙ ድራማ «ዶክተር ሁ» እ.ኤ.አ. በ2010 ቸርችልን አምጥቶት ነበር። ሲጋራውን የያዘ፣ ተጫዋች፣ የሚወደድ ሽማግሌ። በ1943 እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው በረሃብ ሲያልቅ፣ እህል በመርከብ ይላክልን የሚለውን ልመና ደጋግሞ የገፋው የጦር ካቢኔ መሪም እሱ ነው። ዳሌክ የሚባለው ብረት ለበስ ጭራቅ የፈጠራ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከቸርችል ሕይወት ምን እንደተመረጠና ምን እንደተተወ ግን ስንቱ ያውቃል?

ተሟጋች፦
ወንድሜ፣ ክፍሉን ደግመህ እየው። ታሪኩ ያለው ለንደን በጀርመን ቦምብ በምትደበደብበት ጊዜ ነው፤ ረሃቡ ገና አልመጣም። ደግሞ ዶክተሩ «እነዚህ ብረቶች ገዳዮች ናቸው» እያለ ሲለምነው ቸርችል አይሰማም፤ ሂትለርን ያሸንፉልኝ እንጂ ሌላው አያገባኝም ባይ ነው። ሲሰናበቱም የጊዜ መርከቡን ቁልፍ ከዶክተሩ ይሰርቃል። ለድል ሲል ወደኋላ የማይል ሰው መሆኑን እኮ በደንብ አሳይተውታል።

ተመልካች፦
የዓመቱን ነገር ተቀብያለሁ፣ ልክ ነህ። ቁልፉ ላይ ግን አንስማማም። የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ኤሚ ነቅታበት መልስ ስትለው ምን ይሆናል? ይመልሳል፣ እኛም እንስቃለን። ስርቆቱ ይበልጥ አስወደደው እንጂ አላስጠረጠረውም።

ታሪክ ወዳድ፦
ቸርችልን ተዉትና የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተመልከቱ። «ዶክተር ሁ» በ2011 ባወጣው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ላይ፣ ዘመኑ 1969 ነው፣ አንድ ሕፃን በስልክ እየደወለ እርዳኝ ሲለው የሚጨነቅ ፕሬዚዳንት ሆኖ እናገኘዋለን። ዶክተሩ በቢሮህ የሚነገረውን ሁሉ ቅዳ ይለዋል። በ1974 ከሥልጣን ያወረዱት ቅጂዎች እንግዲህ ዓለምን ለማዳን የተጀመሩ ሆኑ ማለት ነው! በእውነቱ መቅጃው የተተከለው በ1971 ነው። ተሟጋች፣ የዓመት መከራከሪያህ እዚህ አይሠራም፤ ካምቦዲያን በድብቅ በቦምብ ማስደብደብ የጀመረው በዚያው በ1969 መጋቢት ላይ ነው። የቬትናም ጦርነትና ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነስተው ታልፈዋል። እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

እንግዳ፦
ነገሩ የቆየ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድራማ «ስታር ትሬክ» በዚያው በ1969 ሊንከንን ከደጎቹ፣ ጄንጊስ ካንን ከክፉዎቹ ጎን አሰልፎ አዋጋቸው። ሞንጎሊያ ውስጥ የካኑ ምስል ገንዘብ ላይ ታትሟል፣ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ይጠራል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ ደግሞ በ1862 ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ቀን የተሰቀሉበትን 38 ሰዎች አይረሳም፤ ፍርዱን ያጸደቀው ሊንከን ነው። ከ300 በላይ ከነበሩት ፍርደኞች አብዛኞቹን ከሞት ማዳኑም እውነት ነው። ደግና ክፉ ብሎ ለሁለት የከፈለው ማን ነው?

ተሟጋች፦
የኒክሰኑን እኔም አልከላከልለትም፣ ታሪክ ወዳድ አሳምናኛለች። ግን አንድ ክፍል እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁሉም ካልተነገረ አይሠራ ካላችሁ መሪ የሚባል ከስክሪን ሊጠፋ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ቢጠፋስ? «ዶክተር ሁ» ራሱ በ2018 ሕንድና ፓኪስታን የተለያዩበትን የሕንድን ክፍፍል ሲያነሳ የሄደው ወደ አንድ ቤተሰብ ነው። ድንበሩን ያሰመረው እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጧት አያውቅም፤ የተሰጠውም አምስት ሳምንት ገደማ ነው። እዚህ ግን የምናየው በነሐሴ 1947 አንድ ሂንዱና አንዲት ሙስሊም ሲጋቡ ነው፤ ሙሽራው ፕሬም የሚገደለው ወንድሙ ካመጣቸው ታጣቂዎች ፊት ቆሞ ነው። ነፍሰ ገዳይ ናቸው የተባሉት ባዕዳን ፍጡራን ደግሞ ብቻውን ለሚሞት ሰው ምስክር ሊሆኑ የመጡ ናቸው። የመሪዎቹን ውሳኔ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ክፍል አላየሁም።

ተመልካች፦
እኔ ግን መሪው ይጥፋ አልልም። ይምጣ። ታሪኩን 1943 ላይ ያድርጉት፤ ከዴልሂ የመጣው ቴሌግራም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ቸርችል ያንብበው፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሲጋራውን ይለኩስ። ዶክተሩ ቆሞ ይየው። ከዚያ በኋላ ይተቃቀፉ አይተቃቀፉ ደራሲው ይወስን።