የግጭት ቦታ ፎቶግራፍ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን እንዴት ይነሣ?

ጠያቂ (ከጎንደር፣ ማራኪ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የአጎቴ ሚኒባስ ከአይሱዙ ጋር ተጋጭቶ፣ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ከማንሣቱ በፊት በስልኬ ፎቶ አንሥቻለሁ። ሁለቱም አሽከርካሪዎች «መስመሬን አልለቀቅሁም» ስለሚሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም። ፎቶዎቹ ክብደት እንዲኖራቸው ምን ላድርግ? ተመልሼ የማነሣው ነገርስ ይኖር ይሆን?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 የተጋጩ ተሽከርካሪዎች ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ስለሚገምት፣ ጥፋቱ የአይሱዙው ነው የሚሉ ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ በአጎትዎ ላይ ይወድቃል። ሰው ሁሉ የተጨረማመተ ፓራውልት አቅርቦ ማንሣት ይወዳል፤ እርሱ ግን ጉዳቱን እንጂ ጥፋተኛውን አይናገርም። ዳኛው ማወቅ የሚፈልጉት ግጭቱ ከአካፋዩ መስመር በየትኛው ወገን እንደደረሰ ነው፤ ይህንንም የሚጠቁሙት የፍሬን ምልክቱ፣ አስፋልቱን የቦደሰው ጭረት፣ የፍሬቻና የመብራት ስብርባሪው፣ ከተሽከርካሪው ሥር የረገፈው ደረቅ ጭቃ ናቸው። እነዚህን ከመስመሩና እንደ መብራት ምሰሶ ካለ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር አብሮ የያዘ ፎቶ ካለዎት፣ ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ያቅርቡ። አንሺው እርስዎ ስለሆኑ ለምስክርነት ሊጠሩ እንደሚችሉም ይጠብቁ።

መልስ (የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች)፦ ዋናው ፋይል ከስልክዎ እንዳይጠፋ፤ አይቁረጡት፣ ብርሃኑንም አያስተካክሉ። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፣ በውስጡ የተመዘገበው የሰዓትና የቦታ መረጃም ይጠፋል፤ መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላኩት። ስልክዎ 08:20 ብሎ የመዘገበውን የፖሊስ መዝገብ «ከጠዋቱ 2:20» ሊለው ስለሚችል፣ በአቤቱታው ላይ ሰዓቱ በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። በአንዱ ፎቶ ስብርባሪው ከመስመሩ ወዲህ፣ በሚኒባሱ ወገን ወድቆ ይታያል፤ ይህ በቂ ነው?

መልስ (የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች)፦ ብቻውን አይበቃም። ስብርባሪ በግጭቱ ኃይል ይፈናጠራል፣ በእግርም በጎማም ይገፋል፤ የተቦደሰው አስፋልት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ጭረቱ ካለ፣ ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ጎንበስ ብለው በጎን ብርሃን ያንሡት፤ አጠገቡ ሜትር ይዘርጉ፣ ከምሰሶው ያለውን ርቀትም ይለኩ። ርቀት ስለሚያዛባ የስልኩን ሰፊ ሌንስ አይጠቀሙ። ኋላ የተነሣ መሆኑን ቀኑን ጠቅሰው ይግለጹ፤ የሚመጣ መኪና የሚያይልዎ ሰውም ይዘው ይሂዱ፣ እዚያ መንገድ ላይ ማንም ፍጥነት አይቀንስም።